ሊሪ ኮንስታንቲን በኔልሰን ክለብ፦ የቴስት ቁጥሩ የማያሳየው ኦልራውንደር

#1 የቅዳሜ_ጨዋታ

ሰላም ለሁላችሁ። የክሪኬት ኦልራውንደሮች (ባት ይዘው የሚመቱም፣ ኳስ የሚወረውሩም ተጫዋቾች) ክር ላይ የተጻፈ አንድ አስተያየት ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሚገባው ነው ይህን የከፈትኩት። አስተያየቱ «ኮንስታንቲን በቴስት አማካዩ 19.24 ነው፣ ዊኬት የወሰደውም በ30.10 ነው፤ ከታላላቆቹ ተርታ ምን አስገባው?» ይላል። ቁጥሩ አንድም ስህተት የለውም። በ18 ቴስት (በአገሮች መካከል የሚደረግ የብዙ ቀን ጨዋታ) 635 ራን (ነጥብ) መትቷል፣ 58 ዊኬት ወስዷል (58 ጊዜ መቺ አስወጥቷል)፣ 28 ኳስ ከአየር ላይ ይዟል። ስህተቱ ያለው ሰውየውን ሥራውን በሠራበት ቦታ ባለመፈለጋችን ላይ ነው።

መነሻውን ለማያውቁ በአጭሩ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሊሪ ኮንስታንቲን በ1901 ትሪኒዳድ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሌብሩን በካካዎ እርሻ ላይ የሠራተኞች አለቃ ነበር፤ በ1900 እና በ1906 ከዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን አገሮች የጋራ) ቡድን ጋር እንግሊዝ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል። አጎቱ ቪክቶር ፓስካልም የታወቀ ግራኝ ስፒን ቦውለር (ኳስን እያሽከረከረ የሚወረውር) ነበር። ሊሪ ራሱ ሻነን ለሚባለው ክለብ ተጫወተ። ያኔ የትሪኒዳድ ክለቦች በቆዳ ቀለም የተከፋፈሉ ነበሩ፤ ሻነን የጥቁሮቹ ክለብ ነበር። ጥቁር ተጫዋች ምንም ያህል ቢችል የዌስት ኢንዲስ ቡድን አለቃነት አይሰጠውም፣ ሥራም ቢሆን ከጸሐፊነት ብዙም አያልፍም ነበር። በክሪኬት እንጀራ ለመብላት ከአገር መውጣት ግድ ነበር።

ከ1929 እስከ 1937 ድረስ በሰሜን እንግሊዝ፣ በላንካሻየር ሊግ፣ ለኔልሰን ክሪኬት ክለብ ተጫወተ። ኔልሰን 40 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ የሚኖርባት የጥጥ ሸማኔዎች ከተማ ነበረች። እዚያ በ9 የውድድር ዘመን 6,363 ራን በ37.65 አማካይ፣ 776 ዊኬት በ9.50 አማካይ። ክለቡ ከዘጠኙ ዓመታት በሰባቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ በቀሩት ሁለቱም ከሁለተኛ በታች አልወረደም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ኦልራውንደር የሚለው ሥራ ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው በክለብ ጨዋታ ውስጥ ነው፣ ኮንስታንቲን ደግሞ ያንን ሥራ ከማንም በላይ አሟልቶ ሠርቷል። የማይስማማ ይሞግት።

#2 አዲስ_ገቢ

ወንድሜ አመሰግናለሁ። ክሪኬትን ገና እየተማርን ያለን ብዙ ነን። አማካይ 37.65 እና 9.50 ስትሉ ምን በምን ተካፍሎ ነው? አንደኛው ሲበዛ፣ ሁለተኛው ሲያንስ ጥሩ የሚሆነው ለምንድን ነው?

#3 ቁጥር_ወዳጅ

@አዲስ_ገቢ ጥያቄህ መሠረታዊ ነው፤ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ሰው ነው።

የባቲንግ አማካይ ማለት የመታው ራን በሙሉ ሲደመር፣ ባትስማኑ (መቺው) ለወጣበት ጊዜ ብዛት ይካፈላል። ለተጫወተው ኢኒንግስ (የመምታት ተራ) ብዛት አይደለም። ሳይወጣ ጨዋታው ካለቀ ራኑ ይደመርለታል፣ በአካፋዩ ላይ ግን ምንም አይጨመርም። ኮንስታንቲን በኔልሰን 169 ጊዜ ወጥቷል ማለት ነው፤ 6,363 ለ169 ሲካፈል 37.65 ይሰጣል። ሒሳቡን ራስህ ሞክረው።

የቦውሊንግ አማካይ ደግሞ በሱ ኳስ ላይ የተመታበት ራን፣ ለወሰደው ዊኬት ብዛት ሲካፈል ነው። 776 ዊኬት በ9.50 ማለት ወደ 7,372 ራን ሰጥቷል ማለት ነው። እያንዳንዱን ባትስማን ለማስወጣት የከፈለው ዋጋ ከ10 ራን በታች ነው። ዋጋ ስለሆነ ሲያንስ ይሻላል።

ኦልራውንደርን በአንድ ቁጥር ለማየት ብዙዎች ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይቀንሳሉ። በኔልሰን +28.15 ይወጣል። በአንደኛ ደረጃ (ከፍተኛው የብዙ ቀን ክሪኬት) ጨዋታዎች በሙሉ (119 ጨዋታ፣ 4,475 ራን በ24.05፣ 439 ዊኬት በ20.48) +3.57። በቴስት ከዜሮ በታች፣ -10.86። ለማነጻጸሪያ ዝነኛው የዌስት ኢንዲስ ኦልራውንደር ጋርፊልድ ሶበርስ በቴስት 57.78 እና 34.03 ስለነበረው +23.75 ይሆናል።

ይህን መለኪያ ስትጠቀሙ ግን ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ ብዛትን አያሳይም፤ ሁለት ጨዋታ የተጫወተም ሰው 30 ሊያገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ በ1930ዎቹ ዋይድና ኖቦል (በተበላሸ አወራወር የሚሰጥ ተጨማሪ ራን) ከቦውለሩ ሒሳብ ላይ አይታሰብም ነበር፤ በቦውለሩ ላይ መቆጠር የጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ የድሮዎቹ ቦውለሮች አማካይ ከዛሬዎቹ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ጥቂት ያማረ ሆኖ ይታያል። ልዩነቱ 9.50ን ወደ 15 አያደርሰውም፤ ግን ይታወቅ።

#4 የግራ_እጅ

የቅዳሜ_ጨዋታ፣ በአክብሮት ነው የምሞግትህ።

9.50 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ እንመልከት። በላንካሻየር ሊግ አንድ ክለብ የሚፈቀድለት አንድ ፕሮፌሽናል (ተከፋይ ተጫዋች) ብቻ ነበር። የቀሩት አሥሩ በሳምንቱ ቀናት ፋብሪካ፣ ሱቅ፣ ቢሮ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ኮንስታንቲን ኳስ የሚወረውረው ለነማን ነው? ከ11ዱ አንዱ ቴስት ተጫዋች ሊሆን ይችላል፤ ሁለትና ሦስቱ ጥሩ የክለብ ባትስማን፤ ከዚያ በኋላ ያሉት በፈጣን ኳስ ፊት ብዙ የማይቆሙ ናቸው። ፕሮፌሽናሉ ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ከሰዓቱን ሙሉ ሊወረውር ይችላል፤ ስለዚህ የደካሞቹ ዊኬት በሙሉ ወደሱ ሒሳብ ይገባል። ፒቹም (ኳስ የሚነጥርበት የመሐል ሣር) አይሸፈንም ነበር፤ ዝናብ የመታው ሣር ለቦውለር ሲሳይ ነው። ይህንን ሁሉ ሳትቀንስ 28.15ን ከሶበርስ ቁጥር አጠገብ ማስቀመጥ ሚዛናዊ አይመስለኝም።

#5 የቅዳሜ_ጨዋታ

@የግራ_እጅ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ቁጥር_ወዳጅም ያስቀመጠው ለማነጻጸሪያ እንጂ እኩል ናቸው ለማለት አይመስለኝም።

ሁለት ነገር ግን ልጨምር።

የፒቹ ነገር በሁለት በኩል የተሳለ ቢላ ነው። ኮንስታንቲን የወረወረበት እርጥብ ፒች ላይ ራሱም ቆሞ ይመታል። በእንዲህ ያለ ሜዳ 37.65 መምታት ቀላል አይደለም። በሚያዝያና በግንቦት የላንካሻየር ሜዳ ለስላሳ ነው፣ ኳሱ ይዘገያል፣ ቀድሞ የተወዛወዘ ባትስማን ኳሱን ወደ አየር ይሰጣል። ዝናብ ዘንቦ ፀሐይ ስታደርቀው ደግሞ አንዱ ኳስ ጉልበት ላይ፣ ቀጣዩ ደረት ላይ ይመጣል።

ሁለተኛው፣ የተቃራኒ ፕሮፌሽናሎቹ እነማን ነበሩ? ከ1934 ጀምሮ ሃስሊንግደን የዌስት ኢንዲሱን ባትስማን ጆርጅ ሄድሊን ይዟል። ጎረቤት ከተማ ኮልን ሕንዳዊውን አማር ሲንግን አምጥቷል። በርንሊ በ1936 የዌስት ኢንዲሱን ፈጣን ቦውለር ማኒ ማርቲንዴልን አመጣ። ሌሎች ክለቦችም የኔልሰንን መንገድ ተከትለው የቴስት ሰው እየቀጠሩ ሳለ ከ1934 እስከ 1937 ድረስ አራቱንም ዓመት ዋንጫውን የበላው ኔልሰን ነው። የአንድ ሰው ዝና ሌላ ነው፣ 14 ክለቦች ባሉበት ሊግ አራት ዓመት በተከታታይ ማሸነፍ ሌላ ነው።

በነጠላ ጨዋታ ካየነው ደግሞ በ1934 በአክሪንግተን ላይ 10 ዊኬት በ10 ራን ብቻ ወስዷል፤ ሁሉንም አሥሩን ማለት ነው። በ1937፣ በመጨረሻው ዓመት፣ በኢስት ላንካሻየር ላይ 192 መታ።

#6 ሎርድስ_28

ሊጉ ደካማ ነበር የሚለውን ክርክር ለመመዘን ኔልሰን ከመግባቱ በፊት ያለውን ዓመት ማየት ይጠቅማል። በ1928 የእንግሊዝ ጉዞ በአንደኛ ደረጃ ጨዋታዎች 1,381 ራን በ34.52 መታ፣ 107 ዊኬት በ22.95 ወሰደ። አንድ ሺህ ራንና መቶ ዊኬት በአንድ ዘመን ማሟላት «ደብል» ይባላል፤ ክሪኬት ውስጥ ለኦልራውንደር ከዚያ በላይ የሚፈለግ ነገር ጥቂት ነው።

በዚያው ሰኔ ወር በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ከሚድልሴክስ (የእንግሊዝ አውራጃ ቡድን) ጋር የተደረገው ጨዋታ እንዲህ ነው የሄደው። ሚድልሴክስ 6 ሰው ጠፍቶበት 352 ላይ ኢኒንግሱን ዘጋ። ዌስት ኢንዲስ 79 ላይ 5 ሰው ጠፋበት። ያኔ ኮንስታንቲን ገባ፤ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 86 መታ፣ ቡድኑ 230 ደረሰ። ሚድልሴክስ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ኮንስታንቲን 7 ዊኬት በ57 ወሰደ፤ በ136 አለቁ። አሁን ለማሸነፍ 259 ያስፈልጋል። 121 ላይ እንደገና 5 ሰው ጠፋ። እንደገና እሱ ገባ፤ በአንድ ሰዓት 103። ዌስት ኢንዲስ በ3 ዊኬት (ሊጠፋ የሚችል 3 ሰው እየቀረው) አሸነፈ። በዚህ ኢኒንግስ ቀጥ አድርጎ የመለሰው አንድ ኳስ የቦውለሩን የጃክ ኸርንን ጣት ሰብሮ ለቀሪው ዘመን ከሜዳ አስወጥቶታል። ጉልበቱን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ኔልሰን ያስፈረመው ይህንን ሰው ነው። ሊጉ አላሳደገውም፤ አድጎ ነው የመጣው። ሊጉ የሰጠው ሌላ ነገር ነው፣ ቋሚ ሥራ።

#7 ቁጥር_ወዳጅ

የሎርድሱን ሒሳብ ለሚያመሳክር፦ 352 ሲደመር 136 ይሆናል 488፤ 230 ሲቀነስ 258፤ ለማሸነፍ አንድ ሲጨመር 259። ልክ ነው።

#8 ኳስ_ያዥ

እስካሁን ስለ ቁጥር ነው የተወራው። እኔ ስለ ቦውሊንጉ ልጻፍ፤ ዘጠኝ ዓመት ያስኬደው እሱ ነውና።

ኮንስታንቲን በ1928 በቀጥታ ፈጣን ቦውለር ነበር፤ ረጅም ሩጫ፣ ዝላይ፣ ሙሉ ጉልበት። በሊግ ይህ አይዘልቅም። 14 ክለቦች እርስ በርስ በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጭ ሲገናኙ ለአንድ ክለብ 26 ጨዋታ ነው። የዋንጫ ጨዋታ ይጨመራል። በየጨዋታው ፕሮፌሽናሉ ረጅም ይወረውራል፣ ከዚያ ባት ይዞ ይገባል። በዚህ ሁኔታ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት የሚወረውር ሰው ሐምሌ ሳይደርስ ወገቡና ትከሻው ይከዱታል። ስለዚህ ከዓመት ዓመት ሩጫውን አሳጠረ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ የኳሱን ዓይነት አበዛ። በተለይ የታወቀው በተደበቀ ዘገምተኛ ኳስ ነው።

ዘገምተኛ ኳስ ለምን ይሠራል? በሁለቱ የባትስማን መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 17.68 ሜትር ነው። በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ኳስ ይህን በ0.47 ሰከንድ ይጨርሳል፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በ0.64 ሰከንድ (መሬት ሲነካ የሚቀንሰውን ሳንቆጥር)። ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። ግን ባትስማኑ ባቱን ማውረድ የሚጀምረው የእጅን ፍጥነት አይቶ ነው። እጁ ፈጣን ከሆነና ኳሱ ዘግይቶ ከመጣ ባቱ አልፎ ሄዷል፤ ኳሱ ወይ ዊኬቱን (ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች) ይመታል፣ ወይ ከባቱ ጫፍ ተነስቶ ወደ ሰማይ ይወጣል።

አያያዙ ብዙ ዓይነት ነው። ቀላሉ ኳሱን በጣቶች ጫፍ ከመያዝ ይልቅ ወደ መዳፍ ጠለቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ ጣቶቹ ኳሱን በመጨረሻ ቅጽበት መግፋት አይችሉም፣ ፍጥነቱ ይወድቃል። ሌላው ሁለቱን ጣቶች በስፌቱ ግራና ቀኝ ሰፋ አድርጎ መክፈት ነው። ሦስተኛው ሲለቁ ጣትን በኳሱ ጎን ላይ ወደ ታች መሳብ ነው፤ ይህኛው ኳሱን ከመሬት ሲነሳ ወደ ጎን ያስዞረዋል።

የሚበላሸው የት ነው? ከሁሉ በላይ እጅ ላይ። ቦውለሩ «ላዘግየው» ብሎ ሲያስብ ክንዱን ያዘገያል፤ ያኔ ባትስማኑ ከሩቅ ያውቀዋል፣ ኳሱ ከሜዳ ውጭ ነው የሚገኘው። ክንድ አይቀየርም፣ ሩጫ አይቀየርም፣ የሚቀየረው አያያዝ ብቻ ነው። ሁለተኛው ስህተት ርዝመት ነው፤ ዘገምተኛ ኳስ አጭር ከሆነ ባትስማኑ ቆሞ ጠብቆ ይመታዋል። ሙላት ያለው፣ ከእግሩ ፊት የሚያርፍ መሆን አለበት። ሦስተኛው ማብዛት ነው። በአንድ ኦቨር ካሉት 6 ኳሶች ሦስቱ ዘገምተኛ ከሆኑ ዘገምተኛ መሆኑ ቀረ፤ ባትስማኑ ለሱ ልኩን ያስተካክላል።

ኮንስታንቲን ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፈጣኑን ኳስ አልጣለውም ነበር። አልፎ አልፎ የድሮውን ይወረውራል፤ የዘገምተኛው ጉልበት ያለው በፈጣኑ ፍርሃት ውስጥ ነው።

#9 የግራ_እጅ

@ኳስ_ያዥ ይህ ግሩም ማብራሪያ ነው። በ1939 በለንደኑ ኦቫል ሜዳ የመጨረሻ ቴስቱ ላይ 5 ዊኬት በ75 የወሰደው፣ ከዚያም በአንድ ሰዓት ገደማ 79 የመታው በዚህ አዲሱ አወራወር እንደሆነ እረዳለሁ። ያኔ 37 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜው 38 ሊሞላ የቀረው አንድ ወር ገደማ ነበር። ሊጉ ዕድሜውን አራዘመለት የሚለውን እቀበላለሁ። 9.50ን በተመለከተ ግን አሁንም በቦታዬ ነኝ።

#10 ኳስ_ያዥ

@የግራ_እጅ ጥሩ። ስለ ኦቫሉ ጨዋታ አንድ ማስታወሻ ብቻ፦ በ1939 በእንግሊዝ አንድ ኦቨር 8 ኳስ ነበር። የዚያን ዓመት የኦቨር ቁጥሮች ስታነቡ በ6 አታባዙ።

#11 አዲስ_ገቢ

ፊልዲንጉስ (የተመታ ኳስ ማስቆምና መያዙ)? ሁሉም ሰው «ከምንም በላይ ፊልደር ነበር» ይላል፣ ግን ቁጥር የለውም።

#12 የቅዳሜ_ጨዋታ

ቁጥርማ ጥቂት አለው፤ በአንደኛ ደረጃ 133 ካች (ከአየር የተያዘ ኳስ)። ግን ልክ ነህ፣ ፊልዲንግ በወረቀት ላይ አይቀመጥም።

በ1923 የመጀመሪያ ጉዞው ላይ ስሙ የተጠራው በከቨር ቦታ በቆመበት ነው። ከቨር ማለት ለቀኝ እጅ ባትስማን በቀኝ በኩል፣ ከ25 እስከ 30 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ቦታ ነው፤ ብዙ የተመታ ኳስ ወደዚያ ይሄዳል። እዚያ የሚቆም ሰው በአንድ ከሰዓት ብዙ ጊዜ ፈጥኖ ይነሳል፣ ይጎነበሳል፣ ይወረውራል። ፈጣን ቦውለር መሆን ሲፈልግ ግን ያ ቦታ ይጎዳዋል፤ እግሩን ለሩጫው ማቆየት አለበት። ስለዚህ ከ1928 በፊት ራሱን ለወጠ፤ ቦውሊንጉን አፈጠነ፣ ፊልዲንጉን ወደ ስሊፕ አዛወረ። ስሊፕ ከባትስማኑ ጀርባ፣ ከዊኬት ጠባቂው አጠገብ ነው፤ የሚፈለገው ሩጫ ሳይሆን እጅና ዓይን ነው።

ይህ ለማንኛውም የክለብ ኦልራውንደር የሚሠራ ሐሳብ ነው። ዋናው ቦውለርህ በኦቨሮቹ መካከል ድንበር ላይ እየሮጠ ኳስ የሚያሳድድ ከሆነ፣ አሥረኛውን ኦቨር የሚወረውርልህ በደከመ እግር ነው።

#13 የገቢ_መዝገብ

የገንዘቡን በኩል ማንም አላነሳም። ሙሉው ነገር የቆመው ግን በዚያ ላይ ነው።

ውሉ ለሦስት ዓመት፣ በየውድድር ዘመኑ 500 ፓውንድ፣ ከዚያ ላይ የጉዞ ወጪና በውጤት ላይ የተመሠረተ ጉርሻ። በዚያ ዘመን ለክሪኬት ተጫዋች እጅግ ትልቅ ገንዘብ ነው። ከዚህ ሌላ የሊጉ ልማድ አለ፤ ባትስማን 50 ራን ሲሞላ በተመልካቹ መካከል ሣጥን ይዞራል፣ የተሰበሰበው ለሱ ነው። ቦውለርም ብዙ ዊኬት ሲወስድ እንዲሁ። ሸማኔው ከኪሱ ሳንቲም ያወጣል።

ለዚህ ክፍያ የሚጠበቀው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ፕሮፌሽናሉ በሳምንቱ ቀናት ምሽት መረብ (በመረብ የታጠረ የልምምድ ቦታ) ውስጥ አባላቱንና ልጆቹን ያሠለጥናል። አሥሩ አማተሮች (የማይከፈላቸው) ካልተሻሻሉ አንድ ሰው ብቻውን 26 ጨዋታ አያሸንፍም። የኔልሰን ሰባት ዋንጫ ውስጥ ይህም አለ፤ @የግራ_እጅ «አሥሩ የፋብሪካ ሰዎች» ያልካቸው እነሱው በየቅዳሜው ከሱ ጀርባ ስሊፕ ላይ ኳስ የያዙለት ናቸው። ካች ካልተያዘ 776 የሚባል ነገር የለም።

ክለቡ የሚያተርፈው በመግቢያ ነው። ኔልሰን በሚመጣበት ቀን የሌሎቹ ክለቦች ሜዳም ይሞላል፤ ስለዚህ የሱ ደመወዝ የኔልሰን ወጪ ቢሆንም ሊጉ በሙሉ ይጠቀም ነበር። ይህ ሲሆን ደግሞ ጥጥ ኢንዱስትሪው የወደቀበት፣ ሥራ አጥነት የበዛበት ጊዜ ነው።

ዋጋውን የከፈለው ዌስት ኢንዲስ ነው። በ1933 ቡድኑ እንግሊዝ ሲመጣ ኮንስታንቲን በሊግ ውል ስለታሰረ ከሦስቱ ቴስት የተጫወተው አንዱን ብቻ ነው፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ የተደረገውን። ስለዚህ «18 ቴስት ብቻ» የሚለው ቁጥር በራሱ የክለቡ ሥራ ጥላ ያረፈበት ነው።

#14 ሎርድስ_28

እነዚያ 18ቱም ቢሆኑ ባዶ አይደሉም። በ1928 በሎርድስ ዌስት ኢንዲስ የመጀመሪያ ቴስቱን ሲጫወት የቡድኑን የመጀመሪያ የቴስት ዊኬት የወሰደው እሱ ነው። በ1930 በጆርጅታውን ዌስት ኢንዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴስት ሲያሸንፍ 4 ዊኬት በ35 ራን እና 5 በ87፣ በድምሩ 9 ዊኬት ወሰደ።

#15 ታሪክ_ፈላጊ

እኛን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። በኔልሰን ሜሬዲት ስትሪት በሚገኘው የኮንስታንቲን ቤት በ1932 በእንግድነት ያረፈው የአገሩ ልጅ፣ ጸሐፊው ሲ ኤል አር ጄምስ ነበር። ኮንስታንቲን የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲጽፍ ጄምስ አገዘው፤ ጄምስ ስለ ዌስት ኢንዲስ ራስን በራስ ማስተዳደር የጻፈውን ለማሳተም ደግሞ ኮንስታንቲን አገዘው። ጄምስ የክሪኬት ዘገባ እየጻፈ ቆይቶ ወደ ለንደን ሄደ። በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲነሳ ለንደን ላይ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዞ የተነሳው ማኅበር፣ የአፍሪካውያን የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር፣ ሊቀመንበሩ ይኸው ጄምስ ነበር። ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይና ጆሞ ኬንያታም በውስጡ ነበሩ። ጄምስ እንግሊዝ አገር እግሩን የተከለው በአንድ የክለብ ክሪኬት ተጫዋች ደመወዝ በሚተዳደር ቤት ውስጥ ነው። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፣ መታወቅ ግን አለበት።

#16 የገቢ_መዝገብ

@ታሪክ_ፈላጊ እናመሰግናለን። ስለ ቤቱ ካነሳህ፣ የመጀመሪያው ዓመት ቀላል እንዳልነበረ ይታወስ። ኔልሰን ውስጥ ጥቁር ሰው ብርቅ ነበር፤ ሰው በመስኮት አጮልቆ ያያቸው ነበር፣ የስድብ ደብዳቤም ደርሷቸዋል። ከመጀመሪያው ዘመን በኋላ ኮንስታንቲን ጥሎ መሄድ ፈልጎ ነበር፤ ውሉ ይፈጸም ብላ ያስቀረችው ባለቤቱ ኖርማ ናት። ኖርማ ባትኖር ሰባቱ ዋንጫ አልነበረም። እስከ 1949 ድረስም እዚያው ኖሩ፤ ከተማዋ በ1963 የክብር ነዋሪነት ሰጠችው። በ1969 በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ሎርድ ሲሆን በማዕረግ ስሙ ውስጥ ከትሪኒዳዱ ማራቫል ጋር ኔልሰንን አስገባ።

#17 አዲስ_ገቢ

ከሱ በኋላስ ኔልሰን ማንን ያዘ?

#18 የቅዳሜ_ጨዋታ

ወዲያው በ1938 ሕንዳዊውን ላላ አማርናትን። ኮንስታንቲን በዚያው ዓመት ወደ ሮችዴል ሄደ፣ ሌላ ሊግ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሬይ ሊንድዎል በ1952፣ ካፒል ዴቭ በ1981፣ ስቲቭ ዋ በ1987 ለኔልሰን ተጫውተዋል። አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ሲድሂል የሚባል አንድ ሜዳ።

#19 ወጣት_ክለብ

ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ተግባራዊ ጥያቄ፦ የ40 ኦቨር ጨዋታ የሚጫወት የሠፈር ክለብ፣ አንድ ጎበዝ ኦልራውንደር ብቻ ቢኖረው፣ እንዴት ነው የሚጠቀምበት? ዕድሜው 15 ነው።

#20 ኳስ_ያዥ

@ወጣት_ክለብ በ15 ዓመቱ ከሆነ ከኮንስታንቲን የምትወስደው ረጅም መወርወሩን ሳይሆን ጉልበቱን መቆጠቡን ነው።

የእንግሊዝ ክሪኬት ቦርድ ለፈጣን ቦውለሮች ለዓመታት የሠራበት መመሪያ 14 እና 15 ዓመት ላሉት በአንድ ዙር 6 ኦቨር፣ በቀን 12 ነው። እስከ 13 ዓመት ላሉት 5 እና 10። ዙሩን ከጨረሰ በኋላ ከሱ ጫፍ የወረወረውን ያህል ኦቨር እስኪያልፍ አይመለስም። በ40 ኦቨር ጨዋታ አንድ ቦውለር ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት 8 ነው፤ ስለዚህ 4 በአዲስ ኳስ፣ 4 ከ28ኛው ኦቨር በኋላ ስጠው። ስምንቱን በአንድ ላይ አታስጨርሰው።

በመሐል ስሊፕ ወይም ሚድኦፍ (ከቦውለሩ ጎን ያለ ቦታ) ላይ ይቁም፣ ድንበር ላይ አይቁም። ቡድንህ መጀመሪያ ፊልድ ካደረገ፣ ባቲንግ ሲመጣ በመክፈቻ አታስገባው፤ 5ኛ ወይም 6ኛ ይሁን፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ውኃ ጠጥቶ ይቀመጥ። ኮንስታንቲን በሎርድስ ሁለቱንም ጊዜ የገባው 5 ሰው ከጠፋ በኋላ ነበር።

ዘገምተኛውን ኳስ አሁን ይማር፣ ግን መረብ ውስጥ ብቻ፤ በ24 ኳስ 4 ይወርውር፣ አንተ ከባትስማኑ ጀርባ ቆመህ ክንዱን ብቻ ተመልከት። ኳሱ ከመምጣቱ በፊት የትኛው እንደሆነ ካወቅክ ገና አልደረሰም። ትከሻው ላይ ሕመም ካለ፣ «ቀላል ነው» ቢልህም፣ ለዚያ ሳምንት ባት ብቻ ይያዝ።

የወረወረውን ኳስ ብዛት፣ ልምምዱንም ጨምረህ፣ በደብተር ጻፍ። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከጨዋታው ሳይሆን ማክሰኞና ሐሙስ ማንም ሳይቆጥር ከሚወረወረው ነው።